እትዬ የሺን ወደ ደሴቱ ያደረስኩበት ቀን

ስልኩ ሲጠራ የአንዲት ሙሽራ ጸጉር ግማሹን ጨርሼ ግማሹ ይቀረኝ ነበር። ደብረ ታቦር ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ ትንሽ የሴቶች ጸጉር ቤት አለችኝ። ሰባት ዓመት ቤይሩት የሰው ቤት ስጠርግ ያጠራቀምኩት ሁሉ እሷ ውስጥ ገብቷል፤ ሁለት መስታወት፣ አንድ የጸጉር ማድረቂያ ካስክ፣ አንድ የተቀደደ ሶፋ። ደንበኞቼ እጄን ይወዱታል፣ አፌን ይፈሩታል። መጠበቅ አልወድም፣ ማስጠበቅም አልወድም፤ ለዚህም ነው ስልኩን በትከሻዬ ይዤ ሥራዬን ሳላቋርጥ ያነሳሁት።

የደወለው ፈንታ ነበር፣ የአጎቴ የአያ ሙላት ልጅ። እነሱ ጣና ላይ ባለች አንዲት ትንሽ ደሴት ነው የሚኖሩት። እኔም የተወለድኩት እዚያ ነው፤ አባቴም እዚያው ናቸው። ስሟን አልጽፈውም፤ ሁሉም ሰው የሚተዋወቅባት ቦታ ስለሆነች ስሟን መጥራት ሰዎቹን መጥራት ይሆንብኛል።

"ትርንጎ፣ አባቴ አረፉ" አለኝ።

እጄ ጸጉሩ ላይ ቀረ። "አያ ሙላት?"

"ትናንት ማታ። ድንገት ነው።" ድምፁ ይንቀጠቀጣል። "ለእትዬ የሺ አልነገርናቸውም። አንቺ ይዘሻቸው ነይ። ቀብሩ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ነው፣ እናንተ እስክትደርሱ ይጠብቃል፤ ቄሶቹንም አናግረናል። ብቻ መንገድ ላይ እንዳያውቁ አደራ። ጀልባ ላይ ሆነው ቢሰሙ ምን እንደሚያደርጉ አይታወቅም።"

እትዬ የሺ የእናቴ ታላቅ እህት ናቸው፤ አያ ሙላት ደግሞ የሁለቱም ታናሽ ወንድም። እትዬ ደብረ ታቦር እኔ ካለሁበት ሁለት መንደር አልፎ ሽሮና በርበሬ እያዘጋጁ ይሸጣሉ። ወንድማቸውን እንደ ልጃቸው ነው ያሳደጉት።

"አባዬስ?" አልኩት። "አያ ሙላት ከሌሉ አባዬ እንዴት ይሆናሉ?" ሁለቱ አማቾች ብቻ አልነበሩም፤ ጎን ለጎን ያረሱ፣ አንድ ታንኳ የቀዘፉ ጓደኛሞች ናቸው።

"እዚሁ ናቸው፣ ከእኛ ጋር" አለኝና ስልኩ ተቋረጠ። አባዬ ጋ ደወልኩ፣ አይሠራም። የደሴቱ ኔትወርክ ከሚሠራበት የማይሠራበት ስለሚበዛ ምንም አልመሰለኝም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እናቴ የሞተችው እኔ ቤይሩት ሳለሁ ነው። በደወልኩ ቁጥር "ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች"፣ "ተኝታለች"፣ "ጉሮሮዋን ይዟታል" እያሉ አንድ ዓመት ሙሉ ከሞተች እናቴ ጋር ሰላምታ አለዋወጡኝ። ለበዓል ቀሚስ ገዝቼ ልኬላታለሁ፤ "ልክክ አለላት" ብለውኛል። ስመለስ አባዬን፣ አያ ሙላትንና እትዬ የሺን አንድ ላይ አስቀምጬ ሁለት ነገር አስማልኳቸው። ሞት እንዳትደብቁኝ፣ ቀብር ሳልደርስም እንዳታስቀሩኝ አልኳቸው። ሦስቱም ማሉልኝ።

ታዲያ እንዲያ ያልኩ ሰው ያን ጠዋት ምን አደረግሁ? ያለ አንዳች ማመንታት ለመደበቅ ተነሳሁ። ለራሴ ሲሆን ግፍ፣ ለሰው ሲሆን ርኅራኄ መስሎ ታየኝ። ሙሽራዋን ለረዳቴ አስረክቤ፣ ጥቁር ሻሼን በፌስታል ጠቅልዬ ከቦርሳዬ ሥር ከተትኩና፣ እትዬ እንዳይጠረጥሩ ብዬ ብርቱካንማ ሹራቤን ለበስኩ። ሠርግ ቤት የምሄድ ነበር የምመስለው።

እትዬን ለማሳመን መንገዱን ሙሉ የፈጠርኩት ታሪክ አላስፈለገም። "አባዬን ልጠይቅ ልሄድ ነው፣ አብረን ብንሄድ፣ አያ ሙላትንም ያዩዋቸዋል" ስላቸው፣ "እሺ ልጄ፣ ነጠላዬን ላምጣ" አሉ። ሌላ ጊዜ ለአንድ ቀን መንገድ ሳምንት የሚዘጋጁ ሴት ናቸው። ቤታቸው ደጃፍ ላይ ተጣጥፎ የተቀመጠ ቦርሳ ሳይ ገረመኝ፤ ግን ተገላገልኩ ብዬ አለፍኩት። ዓይናቸው ቀላ ብሏል። በርበሬ ሲነፉ ያደሩ መሰለኝ።

መናኸሪያ ስንደርስ የወረታ ሚኒባስ ገና ግማሹ ባዶ ነው። በዚያ ሰሞን መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል፤ ስለዚህ ሰውም ለመውጣት ያመነታል። እትዬን አንድ ጥግ አቁሜ ውኃ ልገዛ ሄድኩ። ስመለስ ረዳቱ ጋቢና የተቀመጠውን ሰውዬ አስነስቶ ቦታውን ለእኛ እያራገፈ ነው። ሰውየውም ሳያጉረመርም ወደ ኋላ ገባ። የደብረ ታቦር መናኸሪያን የሚያውቅ ሰው ጋቢና ማለት ምን እንደሆነ ያውቃል። ለእትዬ እርጅና የተደረገ አክብሮት ነው ብዬ ረዳቱን መረቅሁት።

እሳቸው ሲሳፈሩ እኔ በሹፌሩ በኩል ዞርኩና በመስኮቱ አንሾካሾክሁ። "ወንድሜ፣ እባክህ እስኪሞላ አትጠብቅ። እኚህ ሴትዮ ወንድማቸው ሞቶባቸው ነው፣ አያውቁም። ቀብር እንዲደርሱ ነው።"

ሹፌሩ አየኝ። ዞር ብሎ እትዬን አየ። እንደገና እኔን አየና አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋው። ፊቱ ላይ የነበረው ግራ መጋባት አሁንም አይረሳኝም። "ሁለታችሁንም እግዜር ይርዳችሁ" አለኝና ሞተሩን አስነሳ። ሚኒባሱ ሳይሞላ ወጣ። ከኋላ አንድም ሰው ለምን አላለም።

መንገዱን ሁሉ እትዬ ሲያወሩ ነበር። አያ ሙላት በልጅነቱ የቄሱን በቅሎ ሰርቆ እንደጋለበ፣ ወድቆ እጁ ሲሰበር ቤት እንዳይሰሙበት ሦስት ቀን በአንድ እጁ እንደበላ ነገሩኝና ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። የሚስቁበት ሰው ግን ተገንዞ ተኝቷል፣ እኔ አውቃለሁ፣ እሳቸው አያውቁም። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ የጤፉን ማሳ ሳይ የቆየሁበት ጊዜ ብዙ ነው።

"አባትሽንስ መቼ አየሻቸው?" አሉኝ በመሃል።

"ለፋሲካ።"

"ምን አሉሽ?"

"ምን ይሉኛል፣ ያው አግቢ ነዋ።"

"እንዴት ብለው? እንደ እሳቸው አርገሽ ንገሪኝ እስቲ።"

አባዬ ሲቆጡ አንድ ቅንድባቸው ብቻ ነው የሚነሳው። አደረግሁላቸው። ድምፃቸውንም አስመሰልኩ፤ "ካስኩን ነው እንዴ የምታገቢው?" እትዬ እንባ እስኪወጣቸው ሳቁ፣ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ሌላም ጠየቁኝ፤ ልጅ ሳለሁ ታንኳ ላይ እንዴት እንደሚያስቀምጡኝ፣ ቤይሩት ልሄድ ስል ምን እንዳሉኝ። ወረታ እስክንገባ ድረስ ስለ አባዬ አወራሁ። እንዲህ ስለ እሳቸው አውርቼ አላውቅም ነበር፤ ደስም ብሎኝ ነበር፣ ስለዋሸሁ እግዜር ይቅር ይበለኝ እያልኩ።

ወረታ እንደወረድን ሙዝ ገዛሁ። ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሳይሰማ በፊት ሆዱ ውስጥ የሆነ ነገር መግባት አለበት፤ ከሰማ በኋላማ ማን ይበላል። "እትዬ፣ ይብሉ እንጂ" አልኳቸው።

"አንቺ ብዪ።"

"እኔ ጠግቤያለሁ፣ ይልቅ እርስዎ..."

"ትርንጎ፣ አታስቸግሪኝ፣ ብዪ ብያለሁ።"

እየተገባበዝን፣ እየተቆጣን፣ በመጨረሻ ሁለታችንም አራት አራት ሙዝ በላን። ሁለታችንም ለሌላዋ ስንል ነው የበላነው፤ ያን ጊዜ የማውቀው ግን የራሴን ግማሽ ብቻ ነበር።

ወደ ሐይቁ ዳርቻ በሚወስደው ባጃጅ ተራ አንድ የደሴታችን ሰው አገኘን፣ አቶ ዋሴ ይባላሉ፣ ገበያ ወጥተው ነው። ሲያዩኝ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው መጡ። "ትርንጎዬ፣ እግዜር..." ብለው ሲጀምሩ ቶሎ ብዬ ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግሁና በዓይኔ ወደ ኋላዬ፣ ወደ እትዬ ጠቆምኳቸው። አቶ ዋሴ በትከሻዬ ላይ አሻግረው አዩ። ቃሉን ዋጡት። ከዚያ ጉንጬን ብዙ ጊዜ ሳሙኝ፣ ከለመድነው በላይ ብዙ፤ ጢማቸው እርጥብ ነበር። ብልኅ ሽማግሌ ናቸው፣ ቶሎ ገባቸው አልኩ በልቤ። ከኋላዬ ምን ይደረግ እንደነበር የሰማሁት በኋላ ነው። እትዬም ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው በዓይናቸው ወደ እኔ እየጠቆሙ ነበር።

ባጃጁ የፎገራን ሩዝ ማሳ ሰንጥቆ በጭቃው እየተንሸራተተ አደረሰን። የደሴቱ ጀልባ የሕዝብ ናት፤ ጠዋት ገበያተኛ አምጥታ ገበያ ሲበተን ትመልሳለች እንጂ ለማንም ብላ ከሰዓቷ ንቅንቅ አትልም። ገና በወጉ እኩለ ቀን አልሆነም፤ እኔ ባለ ጀልባውን ለመለመን፣ ካልሆነም ለመጣላት ተዘጋጅቼ ነበር። ደርሰን ሳይ ሞተሩ በርቷል። ሰዎቹ ተቀምጠዋል። ያልተሸጠ ዶሮ የታቀፈች ሴት አለች፣ ገበያዋን ትታ የገባች። መሃል ላይ ለሁለታችን ቦታ ተለቋል። ከግራና ከቀኜ ሁለት ጠንካራ ወንዶች ተጠግተውኝ ተቀመጡ፤ ሰፊ ቦታ እያለ ለምን ይጫኑኛል ብዬ አኮረፍኩ።

ከዳር ብዙ ሳንርቅ ሞተሩ ታነቀ። እምቦጩ ነው፤ ያ አረንጓዴ መዓት የሐይቁን ዳርቻ እንደ ምንጣፍ ሸፍኖታል፣ ሥሩ ሞተሩ ላይ ይጠመጠማል። ሰዓቴን አየሁ። ቀብሩ ቢያመልጣቸው እትዬ ዕድሜ ልካቸውን ይቅር አይሉኝም። ቀብር ሳይደርሱ መቅረት ምን እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ሹራቤን ሰብስቤ ከወንዶቹ ጋር ጎንበስ ብዬ እምቦጩን በእጄ መንቀል ጀመርኩ።

"ተይ ልጄ፣ እነሱ ያውጡት" አለችኝ ባለ ዶሮዋ።

"ቸኩለናል እኮ።"

"እናውቃለን" አለች፣ ቀስ ብላ። ከዚያ ዶሮዋን ለሌላ ሰው ሰጥታ እሷም መንቀል ጀመረች። ቀጥሎ ሌላው፣ ቀጥሎ ሌላው። ጀልባው ሙሉ ሰው፣ ማንም ሳያዝዘው፣ ክንዱን እስከ ትከሻው ውኃ ውስጥ ነክሮ እምቦጭ ይነቅላል። እትዬን እንዲህ ይወዷቸዋል አልኩ።

ሞተሩ ሲለቅ ነጻ ውኃ ላይ ወጣን። ደሴቱ ብቅ አለ።

አሁን የጀልባዋን መንገድ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም የገባኝ በመንገዱ ነው። ጀልባዋ ደሴቱን ትዞራለች። መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያኑ ሥር ታቆማለች፣ ቀጥሎ ላይ ሰፈር፣ መጨረሻ ታች ሰፈር። የአያ ሙላት ቤት ላይ ሰፈር ነው። የአባዬ ቤት ታች ሰፈር። ከልጅነቴ ጀምሮ ይህ ተለውጦ አያውቅም።

ቤተ ክርስቲያኑን አለፍነው። የሚወርድ የለም ማለት ነው አልኩ። ከዚያ ላይ ሰፈር መጣ። የአያ ሙላት ቤት ቆርቆሮ ከዛፎቹ መሃል ያበራል። ዳሱን ፈለግሁ፤ ድንኳን የለም። ሰው የለም። ግቢው ውስጥ አንዲት ጥጃ ብቻ ታስራ ቆማለች። ጀልባዋ ፍጥነቷን ሳትቀንስ አለፈች።

ወደ ባለ ጀልባው ዞሬ በእጄ ምልክት ሰጠሁት። አላየኝም፤ ወይም እንዳላየ ሆነ። ጮክ ብዬ እንዳልናገር እትዬ አጠገቤ ናቸው። የላይ ሰፈር ሰዎች አብረውን ተሳፍረዋል፣ ስማቸውን ሁሉ አውቃለሁ፤ ቤታቸው ሲታለፍ አንዳቸውም "ወራጅ አለ" አላሉም። ሁሉም ጉልበቱን ያያል።

"እትዬ" አልኩ ቀስ ብዬ፣ "ላይ ሰፈርን አለፍነው እኮ።"

"አዎ ልጄ" አሉ።

ጀልባዋ ጥጉን ስትዞር ታች ሰፈር ወለል ብሎ ታየ። ዳርቻው በሰው ተሞልቷል። ነጭ በነጭ ነው፣ ማንም አይናገርም። በዚያው ቅጽበት ጀልባው ውስጥ ያለው ሰው በሙሉ፣ የተነጋገረ ይመስል፣ ነጠላውን አዘቀዘቀ። ባለ ዶሮዋም፣ አብረውን የተሳፈሩት አቶ ዋሴም፣ ግራና ቀኝ ያሉት ወንዶችም። በአገራችን ነጠላ እንዲያ ሲዘቀዘቅ ለሐዘን ነው።

በቃ፣ አሁን ሊነገራቸው ነው አልኩ። ቀብሩን ወደ አባዬ ሰፈር አምጥተውት ይሆናል ብዬ ለራሴ መልስ ፈጠርኩ። እትዬ ራሳቸውን ወደ ውኃው እንዳይወረውሩ ክንዳቸውን ጥብቅ አድርጌ ያዝኩ። ያን ጊዜ ነው እሳቸውም የእኔን ክንድ እንደያዙ ያወቅሁት። አያያዛቸው ከእኔ ይጠነክራል። በሌላ እጃቸው ቦርሳቸውን ከፍተው ጥቁር ሻሽ አወጡ።

ማን ነገራቸው? መቼ? ይህን እያሰብኩ ወደ ዳርቻው ሳይ፣ ከሰዎቹ ሁሉ ፊት፣ እግራቸው ውኃው ውስጥ ገብቶ፣ አያ ሙላት ቆመዋል።

እመኑኝ፣ በመጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። "እትዬ፣ አሉ እኮ፣ አያ ሙላት አሉ፣ አልሞቱም" አልኩ፣ ጮኼ። እየሳቅሁ ወደ እትዬ ዞርኩ። እትዬ አልተገረሙም። ወንድማቸውን አላዩም፤ እኔን ነው የሚያዩት። ሻሹን ዘርግተው ወደ ጸጉሬ ያመጡታል።

አያ ሙላት ካሉ ይህ ሁሉ ሰው ማንን ነው የሚጠብቀው? በዓይኔ ዳርቻውን ፈለግሁ። ፈንታ አለ። ቄሶቹ ጥላ ዘርግተው አሉ። የአባዬ ጎረቤቶች አሉ፣ የአባዬ ጓደኞች አሉ። እያንዳንዱን ፊት አንድ በአንድ አየሁ። ሁሉም ነበሩ። አንድ ሰው ብቻ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ያለውን በቁርጥራጭ ነው የማስታውሰው። ሁለቱ ወንዶች ከግራና ከቀኝ ወገቤን ያዙኝ፤ ለዚህ ነበር የተጠጉኝ። ዋይታው ከዳርቻው ተነሳ። አያ ሙላት ውኃው ውስጥ እስከ ጉልበታቸው ገብተው ተቀበሉኝና ደረታቸው ላይ ጣሉኝ፤ እኔ ደግሞ ደረታቸውን እደበድባለሁ፤ ስለ አባዬ ይሁን፣ እሳቸው ስላልሞቱ ይሁን፣ አላውቅም። አባቴን የቀበርኩት በብርቱካንማ ሹራብ፣ እስከ ክንዴ እምቦጭ ተለጥፎብኝ ነው። ሣጥኑ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። አፈሩ ሲወርድ አየሁ። ግን ደርሻለሁ።

ማታ ላይ ሰዉ ሲሳሳ እትዬንና አያ ሙላትን ፊት ለፊት አስቀምጬ ጠየቅኋቸው። ቁጣዬ ሐዘኔን ቀድሞት ነበር።

"ምለውልኝ አልነበረም? እንዴት ደግማችሁ ትዋሹኛላችሁ?"

"ሁለት ነገር ነው ያስማልሽን" አሉ እትዬ። ድምፃቸው በለቅሶ ዘግቷል። "አንዱን ለመጠበቅ አንዱን አፈረስን። እውነቱን ብንነግርሽ እዚያው ደብረ ታቦር ወድቀሽ፣ ሰው ሲያነሳሽ ሲያስተኛሽ ቀኑ ያልፋል። ቀብሩም ያልፍሻል።"

"አባትሽ ታመዋል ብላችሁ አትጠሩኝም?"

"ታመዋል ሲባል ሞተዋል መሆኑን የማያውቅ ሐበሻ አለ?"

እውነታቸውን ነው። በአገራችን "ታሟል፣ ቶሎ ና" ከተባለ ሰው መንገድ ላይ ነው ማልቀስ የሚጀምረው።

አያ ሙላት አንገታቸውን እንደደፉ ነበር። "እኔ ነኝ" አሉ። "ምን ብለን እናምጣት ብለው ሲጨነቁ፣ በእኔ ሞት ጥሯት አልኳቸው። የሰው ሐዘን የተሸከመ የራሱን አያስብም፣ ሮጣ ትመጣለች አልኩ። ፈንታ እምቢ ብሎኝ ነበር፣ በአባቴ አላሟርትም ብሎ። አስገድጄ አስደወልኩት።"

ሰውየው የሕይወት ዘመን ጓደኛቸው አስከሬን አጠገብ ተቀምጠው፣ እኔ እንድደርስ ብለው ለአንድ ቀን ሞቱ። እትዬም ሌሊቱን ተደውሎ ተነግሯቸው ሳለ ምንም እንዳልሰማ ሰው ሆነው፣ የሞቱትን የአባዬን ታሪክ እያስወሩኝ፣ እየሳቁ አመጡኝ። ሹፌሩ ያን ጠዋት ለምን እንደዚያ እንዳየኝ ያኔ ገባኝ። ውኃ ልገዛ ስሄድ እሳቸው ቀድመው፣ "ይቺ ልጅ አባቷ ሞቶባት ነው፣ አታውቅም" ብለው ነግረውታል። ከዚያ እኔ መጥቼ ስለ እሳቸው ነገርኩት። ፈንታም ስለ አባዬ ስጠይቀው አልዋሸኝም፤ እውነትም ከእነሱ ጋር ነበሩ። ተቆጥቼ ልጨርስ አልቻልኩም፣ ይቅር ልላቸውም አልቻልኩም። በመሃል ተቀምጬ አደርኩ።

የባሰው የመጣው በማግስቱ ነው። ሳዑዲ ያለው ታናሽ ወንድሜ አንዷለም ደወለ። በየሳምንቱ መጨረሻ አባዬን የማናገር ልማድ አለው። ድንኳኑ ውስጥ ሁሉም ስልኬን ያያል። እትዬ እጃቸውን አወዛወዙ፣ እንዳትነግሪው።

"ትርንጎ፣ ደሴት ነሽ እንዴ? አባዬ እንዴት ናቸው?" አለኝ።

"ደህና ናቸው። ተኝተዋል" አልኩት።

እግዜር ያሳያችሁ። አላሰብኩትም፣ አልመረጥኩትም፤ አፌ ራሱ ነው ያለው። የእናቴን ሞት የደበቁብኝን ቃል፣ ያንኑ "ተኝታለች"ን፣ በአባዬ ላይ ራሴ አልኩት። ስልኩን ዘጋሁ። በዚያ ሁለት ቀን ከደነገጥኩት ሁሉ፣ ከጀልባውም፣ ከአያ ሙላትም በላይ ያስደነገጠኝ ይህ ነው። እነሱ ክፉ ስለሆኑ አልነበረም ያን ሁሉ ዘመን የዋሹኝ። እንዲህ ነው የሚዋሸው፤ ሰውን ከመውደድ የተነሳ፣ ሳያስቡት፣ በአንድ ትንፋሽ።

ተነስቼ ወጣሁ። ኔትወርክ ሳይቆራረጥ የሚይዘው ከታች ሰፈር በላይ ያለው ጉብታ ላይ ነው። እትዬ ከኋላዬ እያለከለኩ ተከተሉኝ፣ "ተይ ልጄ፣ በሰው አገር ብቻውን ነው" እያሉ። ያ ቃል አቆመኝ። ልክ ናቸው። እኔ ጀልባ ላይ ሆኜ ግራና ቀኝ የያዘኝ ሰው ነበር። አንድ ሙሉ ጀልባ ሕዝብ አብሮኝ ነበር። እሱን ማን ይይዘዋል?

ደወልኩ። "አንዱ፣ አጠገብህ ማን አለ?" አልኩት።

"ምነው?"

"ጥላሁን አለ?" ጥላሁን አብሮት የሚኖር የእስቴ ልጅ ነው።

"ሥራ ገብቷል፣ ማታ ይመጣል። ምነው ትርንጎ?"

"ሲመጣ ደውልልኝ። እሱ አጠገብህ ተቀምጦ ደውልልኝ።"

የሰው አገር መኪና ጥሩንባ ይሰማኛል። ጥያቄዬ ራሱ ነግሮታል። ከዚያ በጣም ቀስ ብሎ፣ "ሥራው ቅርብ ነው፣ አሁን ልጥራው" አለ።

"ጥራው። አልዘጋውም። አብሬህ እጠብቃለሁ።"

እዚያ ጉብታ ላይ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ቆምኩ። የወንድሜን አተነፋፈስ እሰማለሁ፣ ሲራመድ እሰማለሁ። የጥላሁንን ድምፅ ስሰማ፣ ያን ጊዜ ነገርኩት፤ በስሙ፣ ሳላድበሰብስ። ልቅሶው ሲጀምር እትዬ የሺ ስልኩን ከእጄ ወሰዱ። ሊቆጡኝ መሰለኝ። እሳቸው ግን ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብለው፣ "አልቅስ አንዱዬ፣ አልቅስ፣ እኔም እዚሁ ነኝ" አሉት፣ አብረውትም አለቀሱ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ከእናንተ ውስጥ ስንቶቻችሁ በዓረብ አገር ያለ ልጅ እንዳይሰማ የምትሸፍኑት ሞት እንዳላችሁ አላውቅም። ልወቅሳችሁ አልችልም፤ አፌ ምን እንዳለ ነግሬአችኋለሁ። እትዬንና አያ ሙላትንም እስከ ዛሬ አንድ ቀን አመሰግናቸዋለሁ፣ አንድ ቀን እናደድባቸዋለሁ። ሚኒባስ ላይ ሰው ጋቢና ሲለቅልኝ አሁንም መጀመሪያ ስልኬን አያለሁ። የያዝኩት ነገር ግን ይህ ነው፤ እውነቱን ከመደበቃችሁ በፊት አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው ፈልጉለት። ጀልባ ላይ ያተረፈኝ ውሸቱ አይመስለኝም፤ ግራና ቀኝ የያዙኝ እጆች ናቸው።

አንዷለም ዛሬም በየሳምንቱ መጨረሻ ይደውላል። "ሁሉም ደህና?" ብሎ መጠየቅ ትቷል፤ መልሱን አያምነውም። ስልኩን እንዳነሳሁ፣ "አጠገብሽ ማን አለ?" ይለኛል። እኔም ጸጉር ቤቴ ውስጥ ሦስት ደንበኛ ተደርድሮ እያለ፣ "ማንም የለም፣ ብቻዬን ነኝ" እለዋለሁ፤ ለእሱ ሰው ካልከበበኝ የምነግረው ሞት የለም፤ ያኔ በረጅሙ ይተነፍስና ወሬ እንጀምራለን።